ሚኒባሷን ይዤ ለገና ላሊበላ

የእኔ ሚኒባስ ኮድ 3፣ የንግድ መኪና ናት፤ መስመሯ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር። የሰፈራችን የጽዋ ማኅበር ለገና ላሊበላ ውሰደን ሲለኝ ደስ አለኝ። ግን ከተመደቡበት መስመር ውጭ ሰው ጭኖ ለመሄድ ልዩ የስምሪት ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። በበዓል ሰሞን ደግሞ ፈቃድ ፈላጊው ብዙ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ሳይጋመስ ጀመርኩት።

መጀመሪያ ያወጣሁት ሊብሬውን፣ የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር ነው። ሊብሬ መኪና ሲሸጥ ብቻ የሚፈለግ የሚመስለው ሰው አለ። ቢሮ ውስጥ ግን ቀድመው ያዩት የወንበር ብዛቱን ነው። ከፊቴ የነበረው ልጅ ከኋላ አንድ ወንበር አስበይዶ ጨምሯል። «ንቀለውና ተመለስ» አሉት። ቢከራከር ማን ሰምቶት! ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ምልክቱ) እና የሦስተኛ ወገን መድንም መንገድ ላይ እያሉ ቀናቸው እንዳያልፍ አስቀድሞ ማሳደስ ነው። መድኑ ይቀድማል፤ ያለሱ ቦሎ የለም። በር ላይ «ጉዳይህን ላስጨርስልህ» የሚሉ አይጠፉም። አልፌያቸው ገባሁ። እነሱም የሚቆሙት እዚያው ሰልፍ ላይ ነው።

ቀጥሎ የተሳፋሪ ስም ዝርዝር መጣ። እዚህ ላይ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ካልሄድኩ አሉ።

«እማማ፣ ስሙ ከሌለ አይሆንም።»

«እቅፌ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ልጄ። ወንበር አይወስድብህ።»

«ትራፊኩ የሚቆጥረው ሰው ነው እንጂ ወንበር አይደለም።»

ትንሽ አኮረፉ። በመጨረሻ ከማኅበሩ አንድ ወጣት «እኔ በሌላ መኪና እደርሳለሁ» ብሎ ቦታውን ለቀቀ። ዝርዝሩ እንደገና ተጽፎ ማኅተም ተመታበት።

ዋናው ጣጣ ግን መመለሻው ነው። ፈቃዱ ላይ የምትሄድበት ብቻ ሳይሆን የምትመለስበትም ቀን ይጻፋል። ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ቤዛ ኩሉ፣ በገና ጠዋት ካህናቱ የሚያቀርቡት ዝማሬ፣ እንዳለቀ እንነሳ አለ። ግማሹ 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት ሳንሳለም አንሄድም አለ። ክርክሩን እዚሁ ባሕር ዳር ቁጭ ብለን ጨረስነው፤ በማግስቱ እንድንመለስ ተስማማን። እዚያ ከተደረሰ በኋላ ቀን ላራዝም ብትል በገና ዕለት ቢሮው ዝግ ነው። ማንን ታናግራለህ?

ሒሳቡንም ደርሶ መልስ ነው የተቀበልኩት። ስግብግብ ነው ያሉኝ ነበሩ። ላሊበላ ላይ ሁለት ሰዎች ዘመድ ጋ ቀሩ። ወደ ወረታና ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው መናኸሪያው አካባቢ ሞልቷል፤ እኔ ግን መጫን አልችልም። ዝርዝሬ ላይ የሉም፤ ተራ ይዘው የቆሙ የአገሩ መኪኖችም አሉ። ሁለቱ ወንበሮች ባዶአቸውን ተመለሱ። ደርሶ መልስ ባልቀበል ኖሮ የነዳጁን ማን ይከፍለኝ ነበር?

መንገዱን ለማያውቅ ሰው፦ እስከ ወረታ የፎገራ ሜዳ ነው፤ እየተጫወቱ ይደረሳል። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፈህ ደርግ ጊዜ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ሽቅብ ነው። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በሥሩ ስታልፍ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለሽማግሌዎቹ ጋቢ ያዙ ማለት አይከፋም። ከነፋስ መውጫ በኋላ ጨጨሆ አለ። እዚያ ገደሉን እያዩ በሁለተኛ ማርሽ ነው እንጂ በፍሬን ብቻ አይወረድም። ቦሎ ፍሬን አያበርድም። እኔ ከመነሳቴ በፊት የፍሬን ሸራዎቹን አስቀይሬ ነበር። ተሳፋሪዎቹ «ምነው ተንቀረፈፍክ» ቢሉኝም አልሰማኋቸውም። ጋሸና ላይ ሻይ ጠጥተን ወደ ግራ ታጠፍን። ከዚያ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው።

መንገድ ላይ ሲያስቆሙኝ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ መድን፣ ፈቃዱና ዝርዝሩ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ነበሩ። አንዱ ትራፊክ ሰው ቆጥሮ «መልካም በዓል» ብሎ አሳለፈን። ፎቶ ኮፒም ይዣለሁ። ዋናውን ለሰው ሰጥቼ ባዶ እጄን መቆም አልወድም።

ማኅበሩ አሁን ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ውሰደን ብሎኛል። የሚሄዱትንና የሚመለሱትን ሰዎች ስም ጽፈው እስኪያመጡልኝ እየጠበቅኩ ነው።