የፎልደሩ ባለቤት ማነው?

ዛሬ ፒያሳ አካባቢ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። ፋይሎቹ ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ተገልብጠዋል፤ አንድም አልጠፋም። ግን የሒሳብ ሠራተኛዋ የገዛ ፎልደራቸውን መክፈት አቅቷቸዋል፤ አዲስ የተቀጠረው ልጅ ደግሞ የእሳቸውን የደመወዝ ሰነድ እንደ ልቡ ይከፍታል። «ልጄ፣ የሰው ደመወዝ እኮ ነው!» ሲሉኝ ሆዴ ተላወሰ።

ሰርቨሩ የሚሠራበት ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ የፋይልን ባለቤት የሚመዘግበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። በአብዛኛው የመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 ይሰጠዋል፣ ቀጣዩ 1001 እያለ ይሄዳል። አዲሱ ማሽን ላይ አካውንቶቹ በሌላ ቅደም ተከተል ስለተከፈቱ የሴትዮዋ 1003 ለልጁ ደረሰው፤ ንብረታቸውም አብሮ።

የአሮጌውን ማሽን የተጠቃሚዎች ዝርዝር አውጥቼ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ከዚያ እያንዳንዱን ሆም ፎልደር፣ ማለትም የተጠቃሚውን የግል ፎልደር፣ ባለቤት በሚቀይረው የ«ቻውን» (chown) ትእዛዝ ለባለቤቱ መለስኩ፤ ፈቃዱም 700 መሆኑን፣ ማለትም ከባለቤቱ በቀር ሌላ ተጠቃሚ እንደማይገባ አረጋገጥኩ። «ሩት» (root) የሚባለው የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት ግን ሁሉንም ያያል። ይህን ለሠራተኞቹ በግልጽ ነገርኳቸው፤ ማወቅ መብታቸው ነው።

ሥራ የለቀቁ ሰዎች ፎልደሮች ስም የሌለው ቁጥር ብቻ ይዘው ቀርተዋል። እነሱን አልነካሁም፤ ለማን እንደሚሰጡ ኃላፊው ነገ ይወስናሉ።