አራት ነጠላ ዜማዎችን ያወዳደርኩበት መንገድ

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። ጓደኛዬ «የሰማንያዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ዘፈን የማሽን ጩኸት ነው» አለኝ። ተሳስተሃል አልኩት፤ ማስረጃ ሲጠይቀኝ ግን እጄ ባዶ ነበር። ስለዚህ በየቅዳሜው ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች እየለቀምኩ በ1981 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የወጡ አራት ሸክላዎችን ገዛሁ፦ የሂውማን ሊግን «ዶንት ዩ ዋንት ሚ»፣ የሶፍት ሴልን «ቴንትድ ላቭ»፣ የአልትራቮክስን «ቪየና» እና የስፔሻልስን «ጎስት ታውን»።

መጀመሪያ በሽያጭ ደረጃቸው ላወዳድራቸው አሰብኩ። ይህ ሐሳብ አንድ ምሽት እንኳን አልቆየም። «ቪየና» ሁለተኛ ሆኖ የቀረው በጆ ዶልቼ የቀልድ ዘፈን ተቀድሞ ነው። ያንን ቀልድ ዛሬ ደግሜ ልስማው የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቀጥሎ ከአሥር ነጥብ መስጠት ጀመርኩ። «ጎስት ታውን»ን ስከፍት የነፋሱ ሽውታና ኦርጋኑ ከጉድጓድ የሚወጡ መሰለኝ፤ በአድናቆት ዘጠኝ ጻፍኩ። ዘፋኞቹ ሲገቡ ግን ድምፃቸው የበሬ ግሣት ሆነብኝ። ለካ ማጫወቻውን በደቂቃ 33 ዙር ላይ ትቼው ኖሯል፤ ትንሿ ሸክላ የምትፈልገው 45 ነው። በአባቴ የ45 ሸክላዎች መካከል ላደገ ሰው ይህ የሚያሳፍር ነው። ከዚያ ወዲህ መርፌውን ከማሳረፌ በፊት ማዞሪያውን በጣቴ እነካለሁ።

ነጥቡንም ተውኩት። ሁለት ሁለቱን አከታትዬ እያጫወትኩ እጄ መርፌውን ወደ የትኛው እንደሚመልስ ማየት ጀመርኩ። «ቪየና» ግሩም ነው፤ ግን ግርማው ከበደኝና በጊዜ ወጣ። «ቴንትድ ላቭ»ን አሜሪካዊቷ ግሎሪያ ጆንስ በስድሳዎቹ ዘፍናው ነበር። ሶፍት ሴሎች፣ የሊድስ ከተማዎቹ ሁለት ልጆች፣ የነፋስ መሣሪያዎቹን ሁሉ ገፍፈው በሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ፣ አቆሙት። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ማንም አይችላትም፤ ከዚያ በኋላ ግን አዲስ ነገር አይመጣም። «ዶንት ዩ ዋንት ሚ» ላይ ወንዱ አስተናጋጅ የነበረችን ሴት እንዴት ሰው እንዳደረጋት ይተርካል። በሁለተኛው ስንኝ ሱዛን አን ሰሊ ትገባለች፤ አስተናጋጅነቱን ታምናለች፣ ያለ እሱም የተሻለ ቦታ እንደምትደርስ ግን ታውቅ ነበር። ድምጿ ያልተገራ ነው፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ ቃል እንደምትመላለስ ሴት። ሙያተኛ ዘፋኝ ብትሆን ኖሮ ያበላሸችው ነበር። የባንዱ መሪ ዘፋኝ ፊሊፕ ኦኪ ራሱ ይህ ዘፈን በነጠላ እንዳይወጣ ተከራክሮ ነበር፤ ወጣና በዚያ ዓመት የገና በዓል በእንግሊዝ ሽያጭ አንደኛ ሆነ።

ጓደኛዬ የ1984ቱን የባንድ ኤይድ ሸክላ ለምን እንዳላካተትኩ ጠየቀኝ። ለእኛው ረሃብ የተቀዳ ነው፤ ሳጫውተው የሚሰማኝ ዜማው ሳይሆን ያ ዓመት ነው። ልመዝነው አልቻልኩም።

ለመጨረሻው ጥንድ «ጎስት ታውን» ቀረበ፣ አሁን በ45። ስፔሻልሶች፣ የኮቨንትሪ ከተማዎቹ ልጆች፣ ስለተዘጉ የዳንስ ቤቶችና ሥራ ስላጡ ወጣቶች ይዘፍናሉ፤ አንደኛ በሆነበት ሐምሌ የእንግሊዝ ከተሞች በረብሻ ይነዱ ነበር። የሪኮ ሮድሪጌዝ ትሮምቦን ለቅሶ ቤት የደረሰ እንግዳ ይመስላል። ሸክላውን ስገለብጠው ጀርባው ላይ ሌሎች ሁለት ዘፈኖች አሉ፤ ሁለቱም የሚታለፉ አይደሉም። እጄ ሦስት ጊዜ ወደዚያው ተመለሰ።

ድሉን ለስፔሻልስ ጻፍኩ። በማግሥቱ ሳህን ሳጥብ የማንጎራጉረው ግን የሱዛንን መልስ ነበር።