ሞተሩ አላረጀም፣ ከፍታው ነው

አሮጌ የአሜሪካ መኪና ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው ሁሉ የሚሰማው ምክር አንድ ነው። «ሞተሩን አውጣውና የቶዮታ ግጠምበት።» እኔም ሰምቼዋለሁ። መኪናዬ አጎቴ ድሮ ከኤምባሲ ጨረታ የገዛት የ1967 ፎርድ ሙስታንግ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጥቁር ጭስ ታወጣ ነበር። ቤንዚን አይበቃትም። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጣ እያሳለች ነው። አንድ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ለአፍታ አየና «ይሄ ሞተር አልቆለታል» አለኝ።

አላለቀለትም። ጤነኛ ሞተር ነው። ችግሩ ያለው የሚተነፍሰው አየር ላይ ነው። እዚህ ከተማ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ የድሮ መኪና ዕቃ) ያለው መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ስንት ቆንጆ ሞተር ከምናለሽ ተራ በተረፈ ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል፣ እኛ ጋ ሲደርስ እንግዲህ ወደ ሩብ የሚጠጋው ሄዷል ማለት ነው። የኔዋ 289 ኪዩቢክ ኢንች፣ 4.7 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ናት። ፋብሪካው 200 የፈረስ ጉልበት ብሎ ነው የሸጣት። ቸርችል ላይ ስትወጣ ግን በዚያው አለካክ 150 ብትሰጠኝ ነው። ሯጮቻችን እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ሲሠለጥኑ ደማቸው ራሱን ከስስ አየር ጋር ያላምዳል። ብረት ደም የለውም፣ ማላመዱ የኛ ሥራ ነው።

ነገሩን ከሰውነታችሁ ታውቁታላችሁ። የድሮ መኪና ይዞ ናዝሬት የወረደ ሰው መኪናው መንገድ ላይ ሲነቃ ተሰምቶታል። ከሞጆ በኋላ ፔዳሉ ይቀላል፣ ድምፁም ይለወጣል። ሰው «መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ነው» ይላል። ሜዳነቱም ይረዳል፣ ግን ወደ 700 ሜትር ወርደሃል፣ አየሩ ወፍሯል።

የጠፋው ሩብ ጉልበት አንድ ነገር ነው፣ እሱን ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም። ጭሱ፣ ሳሉና የቤንዚኑ ፍጆታ ግን ሌላ ነገር ናቸው፣ እነሱ ይስተካከላሉ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ቤንዚን ይበዛል፣ አየር ያንሳል። በኢንጀክሽን የሚሠሩት የዛሬ መኪኖች በሴንሰር አውቀው ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ለዚህም ነው ወጣት መካኒኮች ጉዳዩን የማያነሱት፤ ገጥሟቸው አያውቅም። ካርቡሬተር ግን የሚያውቀው የተገጠመለትን ቀዳዳ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ካንዴላውን ፍቱ። ከምንም በፊት እሱ ይናገራል። የኔዋን ስምንቱንም ፈትቼ ጋዜጣ ላይ በተራ ደረደርኳቸው። ጫፋቸው ላይ ደረቅ፣ ለስላሳ፣ በጣት ሲነካ የሚለቅ ጥላሸት አለ። ዘይት ቢሆን ኖሮ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ይሆን ነበር፣ ያኔ የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ነገር ነው፣ መካኒኩም ልክ ይሆን ነበር። ደረቅ ጥላሸት ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ጤነኛ ካንዴላ ነጣ ያለ ቡና ዓይነት መልክ ነው ያለው።

መኪናዋ ላይ ያለው ካርቡሬተር የፋብሪካዋ አይደለም። ከኔ በፊት የሆነ ሰው ባለ አራት ጉሮሮ ሆሊ 600 ገጥሞባታል። ጥሩ ካርቡሬተር ነው፣ ግን ከሳጥኑ የሚወጣው ለባህር ዳርቻ አየር ተመጥኖ ነው። ውስጡ ቤንዚን የሚመጥኑ፣ መሃላቸው የተበሳ ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች አሉ። የኛ ሰው ጂግለር ይላቸዋል። የፊተኞቹ 66 ቁጥር ነበሩ። የድራግ (የቀጥታ መንገድ የመኪና ውድድር) ሰዎች የሚሠሩበት የቆየ መመሪያ በየ600 ሜትሩ ከፍታ አንድ ቁጥር ዝቅ አድርግ ይላል፣ ስለዚህ ለአዲስ አበባ 62 ማለት ነው። ከካቻቢቴና ከአዲስ ጓርኒሲዮን ሌላ ምንም አይፈልግም። ጂግለሩን በሽቦ ወይም በመሰርሰሪያ የሚነካካ መካኒክ ካያችሁ ግን እባካችሁ አስቁሙት። ቀዳዳው የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ ነው።

ጂግለሩን ቀይሬ ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሞተር የሚያወጣው። ዋናውም ነገር ያለው እዚሁ ነው።

ሆሊ ውስጥ ፓወር ቫልቭ የሚባል ነገር አለ። ሞተሩ ሲጫን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ፣ ተጨማሪ ቤንዚን የሚለቅ በር ነው። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቀው በማኒፎልዱ (ሞተሩ አየር በሚስብበት ቱቦ) ቫኪዩም፣ ማለትም በመምጠጥ ኃይሉ ነው። ላዩ ላይ 65 የሚል ከተጻፈበት፣ ቫኪዩሙ ከ6.5 ኢንች (በሜርኩሪ ልክ) ሲወርድ ይከፈታል ማለት ነው። ባህር ዳርቻ ላይ ይህ ችግር የለውም፣ ቆሞ የሚሠራ ጤነኛ ሞተር እዚያ 17 ወይም 18 ያሳያል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከዚያ 7 ኢንች ያህል ይቀነሳል፣ አየሩ ራሱ የለማ። የኔዋ ላይ ደግሞ ጠንከር ያለ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ተገጥሞባታል፣ እሱም በራሱ ቫኪዩም ይቀንሳል። መለኪያውን ሰክቼ ሳየው ቀስቷ 6 ላይ ትንቀጠቀጣለች። 6! ስለዚህ ያ በር መኪናዋ መብራት ላይ ቆማ እንኳ ክፍት ነው። ዓመታት ሙሉ ስትሄድም ስትቆምም ተጨማሪ ቤንዚን እየጠጣች ነበር፣ ሁሉም ሰው ደግሞ «አርጅታ ነው» ይላል።

መድኃኒቱ 35 የተጻፈበት ቫልቭ ነው፣ በ3.5 የሚከፈት። መመሪያው መኪናው ቆሞ ከሚያሳየው ቫኪዩም ግማሽ አካባቢ ያለውን መምረጥ ነው። ሱማሌ ተራ ብዙ ነገር ይገኛል፣ ይህ ግን አልተገኘም። ከዲሲ በዘመድ ሻንጣ መጣ፤ በመጠኑ ከሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው።

ከዚያ ታይሚንግ፣ ማለትም የካንዴላው እሳት የሚመታበት ጊዜ። ስስ አየር ውስጥ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ስለሚል እሳቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመታ ሞተሩ አያንኳኳም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ከፍታው የሚመልስልን አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ድሮ ጥሩ ቤንዚን ካልተቀዳላቸው የሚያንኳኩ ሞተሮች እዚህ በእኛው ቤንዚን ሰላም ናቸው። ለዚህ ሥራ ፒያሳ ጀርባ አንድ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው አዛውንት ጋ ሄድኩ። ልጅ ሆነው በጣሊያኖች ጋራዥ ነው ሥራ የለመዱት።

«ጋሼ፣ ስንት ዲግሪ ላይ ላድርጋት?» አልኳቸው።

«ዝም በል እስቲ፣ መጀመሪያ ልስማት።»

ነጭ ጨርቅ ከኪሳቸው አውጥተው ማርሚታው አፍ ላይ ያዙ። አዩት። ለሁለተኛ ጊዜ ያዙ። ከዚያ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለውን ዲስትሪቢዩተር በሁለት ጣታቸው ለቀቅ አድርገው የምስማር ራስ በማታክል አዞሩት፣ ሞተሩም ወዲያው ድምፁ ጠራ። የታይሚንግ መለኪያ መብራቱን አብርተን ስናየው ከፋብሪካው ቁጥር 4 ዲግሪ ያህል ቀድሟል። «በል አጥብቀው» አሉኝ። ጨርቁን አሳዩኝ፣ ግራጫ ነው፣ ጥቁር የለበትም። እንዲህ ያለ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ከተማው ውስጥ ጥቂት ቀርተዋል። አጠገባቸው አንድ ልጅ ተቀምጦ ቢማር ምኞቴ ነው።

አሁን ስለ ድራግ። ብዙ ጊዜ የምጠየቀው «ስንት ትሮጣለች?» ነው። ድራግ ሬስ ማለት ሩብ ማይል፣ 402 ሜትር፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ከቆመበት ተነስቶ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆች በየመንገዱ እየተሽቀዳደሙ ሰው ሲጎዳ፣ በ1950 ሳንታ አና የሚባል ቦታ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሰዓት ተይዞላቸው መሮጥ ጀመሩ። በ1951 ዋሊ ፓርክስ ኤን ኤች አር ኤ የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ። ስፖርቱ ያደገው ከመንገድ በመውጣቱ ነው። የፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ በ1964፣ የክራይስለር 426 ሄሚ ሞተር ከፋብሪካ 425 የፈረስ ጉልበት ይዞ በ1966፣ እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ስሞች የመጡት እሑድ እሑድ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ታይቶ ሰኞ እንዲሸጥ ነው።

የከፍታ ነገር እዚያም አለ። ዴንቨር አጠገብ ባንዲሜር የሚባል ዝነኛ የድራግ ሜዳ ነበር፣ በ1958 ተከፍቶ በ2023 የመጨረሻውን ትልቅ ውድድር አስተናገደ። ከፍታው 1,770 ሜትር ገደማ። እዚያ የሚሮጡ ሁሉ ካርቡሬተራቸውን እንደገና ይመጥኑ ነበር፣ ሰዓታቸውም ለከፍታው ታስቦ ይስተካከል ነበር። እኛ ከባንዲሜር ወደ 600 ሜትር ከፍ ብለን ነው ያለነው! ሂሳቡን ስሠራው፣ ባህር ዳርቻ ላይ ሩብ ማይሉን በ14 ሰከንድ የሚጨርስ መኪና እዚህ በደንብ ተስተካክሎ እንኳ 15 አልፎ ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁትን ቁጥር ከራሳችሁ መኪና ጋር አታወዳድሩ፣ መኪናዋን ትበድሏታላችሁ።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ መሽቀዳደም ድራግ አይደለም። መንገዱን የሚያቋርጥ ሰው አለ፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ጥበቃ አለ። ዝግ መንገድ፣ አምቡላንስና ሰዓት ያዥ ከሌለ መሮጥ የለም። አንድ እሑድ ጠዋት በፈቃድ የሚዘጋ አንድ ቀጥ ያለ አስፋልት ቢገኝ ቀድሜ የምሰለፈው እኔ ነኝ፣ ይህንንም ለሚመለከታቸው ሁሉ ከመናገር አልቦዝንም።

ከጉልበት በፊት ደግሞ ፍሬን። የ1967ቷ አራቱም ጎማ ላይ ከበሮ ፍሬን ይዛ ነው የምትመጣው፣ የፊት ዲስክ ለከፈለ ነበር። የፍሬን አጋዥ ካላት እሱም በቫኪዩም ነው የሚሠራው፣ ያ ቫኪዩም ደግሞ እዚህ የት እንደሄደ ነግሬያችኋለሁ። ቸርችልን ስትወጡ የሚያስጨንቃችሁ ሞተሩ ከሆነ፣ ስትወርዱ የሚያስጨንቃችሁ ይህ ነው። የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹንም ቀይሩ፣ የድሮው ጎማ የዛሬን ቤንዚን አይችልም፣ ይሰነጠቅና የጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል።

የቶዮታ ሞተር ግጠም የሚለው ምክር የሚያናድደኝ ቶዮታን ስለምጠላ አይደለም። ከ2024 ጀምሮ የቤንዚን የግል መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። እዚህ ያለው ቪ8 ያለው ብቻ ነው። አንዴ ወጥቶ በኪሎ ከተሸጠ ሌላ አይመጣም። ሞተሩ በእርግጥ ካለቀ ደግሞ ቶርኖ ቤት ይሠራል፤ ሲሊንደር ማስፋትም፣ ለዛሬው ቤንዚን የሚሆን ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ መግጠምም የሚችሉ ባለሙያዎች እዚሁ ከተማ አሉ።

የኔዋ አሁን ቸርችልን በሦስተኛ ማርሽ ሳታስል ትወጣለች፣ ጭስ የለም፣ ቤንዚኗም ወደ ልክ መጥቷል። የቀረው ዲፈረንሺያሉ ነው። ውስጡ ያለው ጥርስ 3.00 ነው፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ከማርሹ የሚመጣው ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ ለአሜሪካ አውራ ጎዳና የታሰበ። ለጎደለው ሩብ ጉልበት ትልቁ መካሻ 3.55 ማስገባት ነው፤ ከመነሻዋ ቀለል ብሏት ትነሳለች፣ ፍጥነቷ ግን ከላይ ትንሽ ይቀንሳል፣ መሃል ከተማ ደግሞ ያ ፍጥነት ለማንም አያስፈልግም። ጥርሱ ተገዝቶ ቨርጂኒያ የእህቴ ቤት ተቀምጧል። ከባድ ስለሆነ ሻንጣው ውስጥ የሚይዝልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው፣ ለጥምቀት የሚመጣ ካለ ይጻፍልኝ።