እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ በኮረኮንች፦ የተክ ጉዟችንን እንዴት እንዳቀድነው

ከካናዳዋ ካልጋሪ ተነስተን አርክቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለችው ተክ ለመድረስ ስናስብ መጀመሪያ ያየነው የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ካላንደር ነው። ምክንያቱ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የባለቤቴ አጎት ሲሆኑ ጾም አይገድፉም። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሃል ያለው ጊዜ በፈረንጆቹ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ነው። ደግነቱ ለመንገዱም ጥሩ ወቅት ነው። ወንዝ የሚያሻግሩት ጀልባዎች ይሠራሉ፣ በረዶው ቀልጧል፣ እዚያ ጫፍ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ እስከ ጁላይ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ አትጠልቅም። ረቡዕና ዓርብ እንዳሉ ናቸው፤ ለነሱ ሽሮና በሶ ያዝን።

የምንሄድበት ከተማ ተክቶያክተክ ይባላል። ሰዉ አሳጥሮ "ተክ" ይለዋል። በካናዳ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ጫፍ ላይ ያለ፣ ዘጠኝ መቶ ገደማ ነዋሪ ያለው፣ ኢኑቪያሉይት የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝብ ከተማ ነው። ቀድሞ በሰመር የሚገባው በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ብቻ ነበር። በክረምት ደግሞ የቀዘቀዘው ወንዝና ባሕር ራሱ መንገድ ይሆን ነበር። በኖቬምበር 2017 ግን ከኢኑቪክ እስከ ተክ 140 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጠጠር መንገድ ተከፈተ። አሁን መኪናና ትዕግሥት ያለው ሰው ነድቶ ይደርሳል።

ዋናው ጣጣ መኪናው ነው። የኛ መኪና ዝቅ ያለ ስለሆነ እስከ ጎረቤቱ የዩኮን ቴሪቶሪ ዋና ከተማ ዋይትሆርስ በአውሮፕላን ሄደን እዚያ ለመከራየት ወሰንን። እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ጠይቁ። የብዙ አከራዮች ውል ከአስፋልት መውጣት ይከለክላል። ወደ ሰሜን የሚወስደን ደምፕስተር ሀይዌይ ደግሞ ከዶውሰን ሲቲ አጠገብ ከሚጀምርበት እስከ ኢኑቪክ 740 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ኮረኮንች። አንዱ አከራይ በስልክ "ችግር የለውም" ብሎኝ ውሉን በኢሜይል ሲልክ ተቃራኒው ተጽፎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም የምለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ "ደምፕስተር የሚለው ስም ውሉ ላይ ተጽፎ ልየው።" የፊት መስታወትና ጎማ በኢንሹራንሱ ይሸፈን እንደሆነም ጠይቁ። መኪናው እዚያ ምድረ በዳ ላይ ቢቆም ማስጎተቻው ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል።

ጋሼ ከአገር ከመውጣታቸው በፊት የአሰብ መስመር ተሳቢ ሹፌር ነበሩ። እኔ የኪራይ ውል ሳነብ እሳቸው ጎማውን እየዞሩ ያያሉ።

"ስኮርታው አንድ ነው?" አሉኝ።

"አንድ ነው ጋሼ።"

"አንድ ስኮርታማ ሱቅ ለሚሄድ ሰው ነው።"

ሁለተኛ ሙሉ ስኮርታ ተጨመረ። የጎማ መድፈኛ፣ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰርና አንድ ቁራጭ ጣውላም ገዛን። ጣውላው ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በደምፕስተር መሃል ካለችው ማረፊያ፣ ከኢግል ፕሌንስ፣ አልፈን ጎማ ሲተነፍስ ገባኝ። የመንገዱ ዳር ልል ስለሆነ ክሪኩን መሬት ላይ ብቻ ካቆማችሁት መኪናውን ማንሳቱን ትቶ ራሱ ይሰምጣል። ጋሼ ጣውላውን ነጠፉና ክሪኩን ላዩ ላይ አቆሙ። ጎማው ከተፈታ በኋላ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ዙሪያውን ዳበሱት። አንድ ቦታ ላይ አረፋ ብቅ አለ። ጠርዙ የተሳለ ስስ ድንጋይ ሰንጥቆት ነው። እዚያ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሞልቷል፤ ቀስ ብሎ መንዳት ነው መፍትሔው። ከፊት ትልቅ መኪና ሲመጣ ደግሞ ዳር ይዛችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ጠጠሩ ወደ መስታወታችሁ ነው የሚመጣው።

አስፋልት ያልሆነበት ምክንያት አለው። ከሥር ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። ያ በረዶ ከሟሟ መንገዱ ይሰምጣል። ስለዚህ ወፍራም ጠጠር፣ አንዳንድ ቦታ ከሁለት ሜትር በላይ፣ ቆልለውበት መንገዱ ከላይ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ረግረግ ነው፤ ጎማችሁ ከወጣ ወጣ ነው።

ነዳጅ ቀላል ሒሳብ ነው፣ ግን ቀልድ አይወድም። ከደምፕስተር መነሻ እስከ ኢግል ፕሌንስ 369 ኪሎ ሜትር ድረስ በመሃል ማደያ የለም። ኢግል ፕሌንስ ሆቴል፣ ማደያና ጎሚስታ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ፎርት ማክፈርሰን፣ ከዚያ ኢኑቪክ ነው። ሁሉም ጋ ሞልታችሁ ሂዱ። ዋጋው ይወደዳል፤ ምርጫ የለም። አብዛኛው መንገድ ላይ ስልክም አይሠራም። በሳተላይት አጭር መልእክት የሚልክ መሣሪያ ተከራየን፤ ባለቤቴ የፈቀደችው በዚያ ነው።

የድብ መከላከያ ስፕሬይ በአውሮፕላን አይፈቀድም። ዋይትሆርስ ስትደርሱ ግዙ። የሚያቃጥለው ነገር የሚወጣው ከበርበሬ ነው፤ ጋሼ ይህን ሲሰሙ "እኛ ሻንጣ ውስጥ ያለው አይበቃም?" ብለው ሻጩን አሳቁት። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስቀምጡ፣ ሽሮም ቢሆን። ድብ ግን አንድም አላጋጠመንም። ያሰቃየን ትንኝ ነው። ሮክ ሪቨር የሚባለው የካምፕ ቦታ በትንኝ የታወቀ ነው፤ ፊት የሚሸፍን መረብ ሳትይዙ ከመኪና አትውረዱ።

ሌላው ሁሉ የገንዘብና የዕቃ ጉዳይ ነው። ቀኑን የሚወስኑላችሁ ግን ሁለቱ ወንዞች ናቸው፤ ፒልና ማኬንዚ። ድልድይ የላቸውም። በሰመር መኪና የሚያሻግር ጀልባ አለ፣ ክፍያ የለውም፣ ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት ይቆማል። ወደቡ ሲሚንቶ እንዳይመስላችሁ። ክምር ጠጠር ነው። ውኃው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ሎደር ጠጠሩን እየገፋ መውረጃውን እንደገና ያስተካክላል። የጀልባው ሠራተኛ በእጁ እየጠራ አንድ በአንድ ያስገባችኋል፣ ጎማችሁ ብረቱን ሲረግጥ ጓ ይላል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ማዶ ናችሁ። ቀላል ነው፤ ወንዙ ካልሞላ። ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ከጣለ ግን ፒል ይሞላል፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል፣ ጀልባው ይቆማል።

ስለዚህ እቅዱን የሠራሁት ከኋላ ወደ ፊት ነው። የመመለሻ በረራችንን ቀን ያዝኩ። ከዚያ በፊት ምንም ያልተጻፈባቸው ባዶ ቀናት አስቀመጥኩ። ከነሱ በፊት ነው ተክ የምንደርስበትን ቀን ያሰብኩት። ጓደኞቼ "ባዶ ቀን ለምን? አንድ ነገር ጨምርበት እንጂ" ይሉኝ ነበር። ስንመለስ ፒል ሞልቶ ጀልባው ቆመ። ፎርት ማክፈርሰን ላይ የተሰለፈው መኪና ብዙ ነበር። አንድ ቤተሰብ በማግስቱ በረራ ስለነበረው ሰውየው በየግማሽ ሰዓቱ ወንዙ ዳር እየወረደ ውኃውን ያያል። ጋሼ ወንበር ዘርግተው ዳቦ ቆሎ ያዞራሉ። ከአካባቢው የግዊቺን ሰዎች አንዷ እናት ደረቅ ዓሣ አመጡልን። ውኃው ሲጎድል ተሻገርን፣ ከባዶ ቀናታችንም ተረፈ። የመንገዱንና የጀልባውን ሁኔታ ሁለቱም ቴሪቶሪዎች በየቀኑ በኢንተርኔት ይገልጻሉ፤ ኔትወርክ ባገኛችሁ ቁጥር ተመልከቱ።

ተክ ራሷ ትንሽ ናት። ኢኑቪክ ላይ በቲሸርት ስንሄድ የነበርን ሰዎች ተክ ስንደርስ ጃኬት ለበስን፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ሌላ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ፒንጎዎቹን ታያላችሁ፣ ውስጣቸው በረዶ የሆነ ኮረብታዎች። በአካባቢው 1,350 ያህል አሉ። ትልቁ ኢብዩክ 49 ሜትር ከፍታ አለው። ሳትወጡበት ከሩቅ እዩት። ባሕሩ ዳር ያሉ አንዳንድ ቤቶች በ2020 ወደ ውስጥ ተወስደዋል። በረዶው መሬት እየሟሟ ማዕበሉ ዳርቻውን ይበላዋል። ቤቱን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ መኖሪያ እንጂ ሙዚየም አይደለም።

ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው፣ አማትበው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ። በመዳፋቸው ዘግነው ቀመሱት።

"ጨው የለውም እኮ!"

እውነታቸውን ነው። ማኬንዚ ወንዝ እዚያው አጠገብ ስለሚገባ የባሕሩ ውኃ ጨውነት ይቀንሳል። ዳርቻው ላይ የተከመረውን ግንድም ያመጣው ወንዙ ነው።

ጁላይ የቤሉጋ ዓሣ ነባሪ የሚታደንበት ወር ነው። ያረፍንበት ቤት ባለቤት መክተክ አቀረቡልን፣ የዓሣ ነባሪው ቆዳ ከነስቡ፣ ጥሬውን በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ። አብረውን የነበሩ ሌሎች እንግዶች ተያዩ። ቁርጥ ሲበላ ለኖረ ሰው ግን ምኑ ይገርማል? ጋሼ ሚጥሚጣቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ቆዳው ጠንከር ይላል፣ ስቡ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ባለቤትየዋ ሚጥሚጣውን ቀምሰው ውኃ ጠየቁ፣ ከዚያ ደግመው ነከሩ።

ሌሊት መተኛት ግን ከባድ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ልጆች ውጭ ብስክሌት ይነዳሉ። የዓይን መሸፈኛ ያዙ። ጋሼ የሠርክ ጸሎታቸውን በእጅ ሰዓታቸው ነው ያደረሱት።

መኪናውን ከመመለሳችሁ በፊት ከሥር ጀምራችሁ እጠቡት። መንገዱ ላይ አቧራ እንዳይነሳ የሚረጩት ካልሲየም ክሎራይድ ከጭቃው ጋር ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። እኛ ዶውሰን ሲቲ ላይ በግፊት ውኃ እያጠብን፣ ጋሼ ደግሞ ቸርኬው ውስጥ የተጋገረውን በዱላ እየፈለፈሉ፣ ረጅም ሰዓት ቆየን። አከራዩ ዞሮ አየው። መስታወቱ ላይ ያለችውን የጠጠር ምልክት ኢንሹራንሱ ሸፈነ፣ ዲፖዚታችንም ሙሉውን ተመለሰ።