ካቆመችበት ትቀጥል ይሆን?

ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ሰው ማናገር አላሰኘኝም። ማታ ለነገ የሚሆን ምስር ልለቅም ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ የቤቱ ዝምታ ሲከብደኝ ትሪዮ ዳ ፓዝ የተባለ የሦስት ሙዚቀኞች ቡድን ያወጣውን «30» የተሰኘ አልበም ከፈትኩ።

ፓዝ በፖርቱጋልኛ ሰላም ማለት ነው። ጊታሪስቱ ሮሜሮ ሉባምቦ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ኒልሰን ማታና ድራመሩ ዱዱካ ዳ ፎንሴካ ብራዚላውያን ናቸው፤ ቡድኑን የመሠረቱት ግን ኒው ዮርክ ነው። አልበሙ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሠላሳ ዓመት አብረው ቆይተዋል። የብራዚላዊውን ጊታሪስት የባደን ፓወልን «ያዘነ ሳምባ» የመሰለ የሌላ ሰው ሥራ ቢኖርበትም አብዛኛው የራሳቸው ድርሰት ነው።

ፒያኖ የላቸውም። ዜማውንም አጀቡንም የናይለን ክር ያለው ጊታር ብቻውን ይሸከማል። እንዲያም ሆኖ አይጣበቡም። ጊታሩ ሲናገር ቤዙ ድምፁን ይቆጥባል፤ ቤዙ ሲጀምር ጊታሩ አንድ ሁለት ኖታ ጣል አድርጎ ይጠብቀዋል።

ከዜማዎቹ አንዱ «በሪዮ ላይ እየበረሩ» ይባላል። ሌላው የፓራቲን ስም ይዟል፤ ባሕሩ ሲሞላ ውኃ በድንጋይ ንጣፍ መንገዶቿ ላይ የሚገባባት የብራዚል የድሮ ወደብ ናት። ከአገሩ የራቀ ሰው እንዲህ ያለ ስም ሲጠራ ካጠገቡ «አዎ» የሚለው ሁለት ሰው መኖሩ እንዴት ያለ መታደል ነው!

እኛም ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። አንዷ ሐዋሳ፣ አንዷ ዱባይ፣ እኔ እዚሁ የድሮው ሰፈር። ባለፈው እሑድ ከስንት ጊዜ በኋላ ሦስታችንም በአንድ ጥሪ ተገናኘን። የዱባይዋ ስለ እናቷ ግቢ፣ በበሩ ጥግ ስለነበረው የጌሾ ተክል ማውራት ጀምራ ነበር። እኔ በመሐል ገብቼ ስለ ቤት ኪራዬ ማማረር ያዝኩ፤ የሐዋሳዋም ስለ ሥራዋ ቀጠለች። በመጨረሻ የዱባይዋ «ይሁን፣ ሌላ ጊዜ» አለች።

እሑድ ዕለት ይህን ቃል አልሰማሁትም። የሰማሁት ዛሬ ነው፤ ሁለቱ ዝም ብለው ቤዙ ብቻውን ሲቀር።

ያንን ጌሾ እኮ አውቀዋለሁ። እናቷ ቅጠሉን ሲቀነጥሱ ሦስታችንም አጠገባቸው ተቀምጠን እናይ ነበር። እዚያ ዱባይ ውስጥ ይህን የሚያውቅላት ማን አለ? «አዎ፣ በበሩ ጥግ ነበር» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጅብኝ ነበር?

አሁን ደውዬ «እማማ እንዴት ናቸው? ጌሾውስ?» ብላት፣ ካቆመችበት ትቀጥል ይሆን?