የሮሳል ድንጋዮች

ስንጋባ ደብረ ማርቆስ ያሉት አባቴ አንድ ጥያቄ ነበር የጠየቁት። «የማን ልጅ ነው?» ባለቤቴ ከአያቱ በላይ መቁጠር አልቻለም። የአባት ስሙ ማካይ ነው፤ አያቶቹ ከስኮትላንድ ወደ ካናዳ የተሻገሩ ናቸው። እኔ ሰባት ቤት በቃሌ ይዤ ነው ያደግሁት። ነገሩ ሁሌም ሆዴን ይበላኝ ነበር። ባለፈው ሰኔ ከለንደን ተነስተን ዘሩን ፍለጋ ሄድን።

ዝግጅቱ ብቻ አራት ወር ፈጀ። የተሳሳትነው ስሙን ብቻ ይዘን በመጀመራችን ነው። ሰሜን ስኮትላንድ ውስጥ ማካይ የሚባል ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ድሮ በጎሳው አለቃ መሬት ላይ የሚኖር ጭሰኛም የአለቃውን ስም ይይዝ ስለነበር፣ ስም መጋራት ዝምድና ማለት አይደለም። ቁልፉ የአጥቢያው ስም ነው። መንግሥት ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረው በ1855 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ከዚያ በፊት ያለው በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። አክስቱ የቤተሰቡን አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ፎቶ አንስታ ስትልክልን አንዲት ቃል አገኘን። ፋር፣ የአጥቢያው ስም።

ኤድንብራ ውስጥ ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የመዝገብ ማዕከል ገብተን ቀኑን ሙሉ ፈለግን። 15 ፓውንድ ነው የከፈልነው፤ ከጉዞው ሁሉ እንደዚያ ያላንገበገበኝ ገንዘብ የለም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የ1811 ጥምቀት ወጣ። የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ መንደሩ ሮሳል። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም።

ማደሪያችን ግን አናደደኝ። በ95 ፓውንድ የያዝነውን ክፍል ስንደርስ ሌላ 40 ጨምሩ አሉን። መስኮቱ አይዘጋም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሰካራም ጩኸት ስንሰማ አደርን። በማግስቱ አንድ ሱቅ የማካይ ነው ያለውን አረንጓዴና ሰማያዊ ሻርፕ ባለቤቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገለት። እንዳይገዛ ከለከልኩት። ብዙዎቹ የጎሳ ጥለቶች ስም የወጣላቸው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ የሮሳል ገበሬ ያንን ለብሶ አያውቅ ይሆናል።

ከከተማው ሳንወጣ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆምኩ። ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ በ2002 ነው አገሩ የገባው። ተሳልሜ አለፍኩ።

እስከ ኢንቨርነስ ያለውን መንገድ ተኝቼ ነው የጨረስኩት። ከዚያ በኪራይ መኪና ወደ ሰሜን። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከፊት የሚመጣው ጥግ ይዞ ይጠብቅሃል፣ ስታልፍ እጁን ያነሳልሃል። የአገሬን ገጠር አስታወሰኝ፤ እዚያም መንገደኛ ሰላም ሳይባል አይታለፍም።

ቤቲሂል በምትባለው መንደር አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም ሆኗል። መቃብሩ አጠገብ አንዲት አዛውንት ሣር ሲነቅሉ አገኘን። ባለቤቴን ቀና ብለው አዩትና «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ደነገጥኩ። የአባቴ ጥያቄ ነው! እሱም ከመዝገቡ የያዘውን ቆጥሮ ነገራቸው። ወረቀት ላይ የሮሳልን መንገድ ሳሉልን፣ ለትንኙ ደግሞ የፊት መረባቸውን ሰጡን። ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ሮሳል ዛሬ ሣር የበላው የድንጋይ መሠረት ብቻ ነው። በ1814 እና በ1819 ሮሳል ያለበት የስትራትኔቨር ሸለቆ ሰዎች ለበግ እርባታ ሲባል ከመሬታቸው ተነቀሉ። ቤቶች ተቃጠሉ። የባለርስቱ ወኪል በ1816 ኢንቨርነስ ላይ ተከሶ በነፃ ተለቀቀ። ይህን እያሰብኩ በድንጋዮቹ መሀል ስሄድ እንባዬ መጣ።

ባለቤቴ አንዱ ቤት መሠረት ላይ ተቀምጦ ከራሱ ጀምሮ ስሞቹን ጮክ ብሎ ጠራ። እኔ በጣቴ ቆጠርኩ። የ1811ዱ ልጅ ስድስተኛ፣ አባቱ ሰባተኛ። ስልኬ ኔትወርክ ያገኘው ቤቲሂል ስንመለስ ነው። አባቴ ጋ ደወልኩና ስልኩን ለእሱ ሰጠሁት።