ማውሱና ሚዛኑ

ዛሬ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ስታገል ዋልኩ። ዊንዶውስ 98 ነው። አትሳቁ፣ የመጋዘኑ የሚዛን ፕሮግራም ሌላ ላይ አልነሳም ብሏል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሚዛኑ ክብደት መላክ ሲጀምር ማውሱ ቀጥ ይላል። ባለቤቱ «ቫይረስ ነው» ብለው ድርቅ አሉ።

የምን ቫይረስ! ማውሱ ኮም 1 ላይ (ኮም የሚባሉት የድሮዎቹ ሲሪያል ፖርቶች፣ ማለትም መሰኪያዎች ናቸው)፣ ሚዛኑ ደግሞ በተጨማሪ ካርድ ኮም 3 ላይ ተሰክተዋል። ሁለቱ ፖርቶች አድራሻቸው ለየቅል ነው፤ ፕሮሰሰሩን የሚጠሩበት መስመር ግን አንድ ነው፣ አይአርኪው 4። ኮም 2 እና ኮም 4 እንዲሁ አይአርኪው 3ን ይጋራሉ። እንደዚህኛው ባሉ በድሮዎቹ የአይሳ ካርዶች (ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰኩ ናቸው) ሁለቱ እኩል ከተጣሩ አንዱ ሰሚ ያጣል።

ካርዱን አውጥቼ ጥፍር የማታህለውን ጃምፐር (መስመሩን የምትመርጥ፣ ሁለት ፒን የምታገናኝ ቁራጭ ናት) ከ4 ወደ 5 አዛወርኳት። 5 ብዙ ጊዜ የሳውንድ ካርድ ቦታ ነው፤ እዚህ ማሽን ላይ ግን ሳውንድ ካርድ ብሎ ነገር የለም። ከዚያ የዊንዶውሱ የመሣሪያዎች ማስተካከያ፣ ዲቫይስ ማናጀር፣ ገብቶ ለኮም 3 ያንኑ 5 መስጠት የግድ ነው። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ጃምፐሩና ዊንዶውሱ ካልተስማሙ ፖርቱ ጭጭ ነው።

ነገ የደረሰኝ ፕሪንተር ይጨመር ብለዋል። ኮም 2 ባዶ ስለሆነ እዚያው ይሰካል።